ሐይቁን ያሰፋብኝ ማተሚያ ቤት (ሐዋሳ ላይ ፖስተር ለምታሳትሙ)

ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ ጥሩ ናቸው፣ እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ያለ፣ ባነርም ኮፒም ጥረዛም የሚሠራ ቤት ነው። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሁለቱ የት እንደቀሩ ልንገራችሁ።

የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። አንድ የሳይንስ ጉባኤ እዚሁ ከተማችን ሊካሄድ ሲል ለዶክትሬት ተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ውድድር አለ ተባለና ገባሁበት። ሥራዬ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በየዓመቱ የት ድረስ እንደሚመጣ ከሳተላይት ምስል መለካት ነው። ሐይቁ ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ስለዚህ ውሃ ሲበዛበት ዳር ዳሩን መብላት ይጀምራል። ለድሮው የላንድሳት ምስል፣ ለቅርቡ ደግሞ ሴንቲኔል 2 የተባለችውን ሳተላይት ምስል ተጠቀምኩ፤ የሴንቲኔሏ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ይህን የምላችሁ ለምን እንደተናደድኩ እንዲገባችሁ ነው። እኔ በ10 ሜትር ስጨቃጨቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ውድድሩ ወረቀት ያበዛል፤ ተማሪው የመጀመሪያ ጸሐፊ መሆን አለበት፣ ይህንንም አማካሪው በደብዳቤ ያረጋግጣል፣ ጽሑፉ ደግሞ ገምጋሚዎች የማን እንደሆነ እንዳያውቁ ስም ወጥቶለት ነው የሚላከው። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራዋ ልጅ ደብዳቤውን ስካን እያደረገችልኝ ፋይሉን አየት አደረገችና፣ «ዶክተር፣ ስምህን ከላይ አጥፍተኸዋል፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግን ቁጭ ብሏል» አለችኝ። እውነትም አለ። የአማካሪዬም ስም አስተያየት የሰጡበት ቦታ ላይ ተጽፏል። አጸዳችልኝ፣ ለዚህም አላስከፈለችኝም። (ዶክተር ገና አልሆንኩም። እዚያ ቤት ላፕቶፕ ያንጠለጠለ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ማስተካከሉ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ።)

ለመጨረሻው ዙር ስናልፍ ፖስተር ይዛችሁ ቅረቡ ተባልን፣ ልኩ ኤ ዜሮ፤ 84 በ119 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ጉባኤው ነገ ሊሆን ዛሬ ከሰዓት ፍላሼን ይዤ ሄድኩ። ጥፋቴ አንድ። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፣ እሱ ሲነሳ ደግሞ ከፊቴ የሁለት ሠርግ ባነር ነበር። ማታ 3 ሰዓት ላይ ተጠቅልሎ ተሰጠኝና ሳልፈታው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ጥፋቴ ሁለት።

ጠዋት ስሰቅለው አንድ ነገር ቅር አለኝ። ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ሄዷል፣ እሱስ ይሁን። «ጥቁር ውሃ» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ፎንቱ እነሱ ጋ አልነበረማ። ግን ሌላም ነገር አለ። ሐይቁ ወፍሯል።

ለካ አታሚው ልጅ ፍሌክሱን (የባነሩን ፕላስቲክ) 90 በ120 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ቆርጦታል። ነጭ ጠርዝ እንዳይታይ ብሎ ሥራዬን ስቦ ሞላው። በቁመት 1 በመቶ እንኳ አልሞላም፣ በጎን ግን 7 በመቶ ተለጠጠ። የካርታው መለኪያ መስመር አግድም ስለሆነች አብራ ተስባለች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብትለኩባት ልክ ናት፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ከለካችሁባት ግን ትዋሻለች።

አንድ ሸበቶ ዳኛ መጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ቀረብ አሉና ካርታውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ የሰፋው ሐይቁ ነው ወይስ ባነሩ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ቁጥሮቹ ከምስሉ እንጂ ከፖስተሩ እንዳልተለኩ አስረዳሁ፣ እሳቸውም ተቀበሉኝ። አላሸነፍኩም። በባነሩ ነው የተሸነፍኩት ብል ግን ውሸት ነው። አንደኛ የወጣችው ልጅ ያልሠራችውን ስትጠየቅ «እሱን አልለካሁም» ብላ ዝም ትላለች። እኔ ያልለካሁትንም ሳብራራ ነበር የዋልኩት።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ አልተከራከረኝም፣ «ጥፋቱ የኛ ነው፣ ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ በነጻ ደግሞ አተመልኝ። ሦስተኛዋ ኮከብ የእሱ ናት። አሁንም ጽሑፍ ለማስጠረዝና ለስካን እዚያው ነው የምሄደው፤ ዋጋውም ከጠየቅኳቸው ሌሎች ቤቶች ትንሽ ይቀንሳል። ፖስተር ከሆነ ግን ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ፎንቱ ውስጡ የተካተተ ፒዲኤፍ ያዙ፣ «ሳትስበው፣ በልኩ» በሉት፣ ከዚያም ሲቆርጥ አጠገቡ ቁሙ። መጀመሪያ በኤ ፎር አትሞ እንዲያሳያችሁ ብትጠይቁትም እሺ ይላል፣ እኔ አልጠየቅኩትም እንጂ።

አዲሱ ፖስተር ክፍሌ ግድግዳ ላይ ነው። የሰፋውን አከራዬ እትዬ ወስደው በርበሬ ያሰጡበታል፣ ከሌላው ፍሌክስ ይህኛው ሰፋ ስለሚል ተመችቷቸዋል።