«የጃፓን የተቃጠለ ጣውላ» አጥር ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖሩና ዘንድሮ የጓሯችሁን አጥር ልታሳድሱ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ እስቲ የእኔን ጉድ ስሙ። አምና በሚያዝያ አንድ አጥር ሠሪ 5,800 ዶላር ተቀብሎ ጓሮዬን በጥቁር ጣውላ አጠረልኝ፤ የጎመንና የቃሪያ መደቦቼንም በዚያው ጣውላ ከበበልኝ። «ሾ ሱጊ ባን ይባላል፤ ሰማንያ ዓመት ምንም አይነካውም» አለኝ። ሰማንያው ዓመት በአንድ የበረዶ ወራት አለቀ። በረዶው ሲቀልጥ ጥቁሩ እየተላጠ ረገፈ፤ ከሥሩ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ እንጨት ብቅ አለ።

ስለ ነገሩ ያነበብኩት ከተታለልኩ በኋላ ነው። ጃፓኖቹ ራሳቸው «ያኪሱጊ» ይሉታል፤ የተቃጠለ ሱጊ ማለት ነው። «ሾ ሱጊ ባን» የሚለው ስም የጽሕፈት ምልክቶቹን በተሳሳተ ድምፅ ከማንበብ የመጣ ነው (እዚህ አገር ሁሉም እንዲያ ስለሚለው በዚህ እንኳ ሰውየውን አልከሰውም)። ሱጊ «የጃፓን ሴዳር» ይባል እንጂ በዘር ለእኛው ጥድ ይቀርባል። በምዕራብ ጃፓን፣ በኦካያማና በናኦሺማ ደሴት በኩል፣ የቤት ግድግዳ ከውጭ ይለብሰዋል። በባህላዊው አሠራር ሦስት ረጃጅም ጣውላዎች እንደ ጭስ ማውጫ በሦስት ማዕዘን ይታሰሩና ከታች እሳት ይለኮስባቸዋል። ነበልባሉ በውስጥ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣውላዎቹ ይፈቱና እሳቱ በውኃ ይጠፋል። የሚቃጠለው አንዱ ፊት ብቻ ቢሆንም ከሰሉ ወፍራም ነው፤ ላዩም እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል። የእኔው ሰውዬ ጣውላውን በጋዝ ነበልባል ላይ ላዩን ለብለብ አድርጎ ጥቁር ቀለም ደረበበት። ለበዓል የሚለበለብ የበግ እግር እንኳ ከዚያ የበለጠ እሳት ያያል።

የከፋው ሌላ ነው። በአንዱ ጣውላ ጫፍ ላይ የፋብሪካው የላስቲክ ምልክት ሳይነቀል ቀርቷል፤ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረ ፓይን ነው ይላል። እንዲህ ያለ እንጨት ጨርሶ እሳት ሊነካው አይገባም፤ ጭሱም አመዱም መርዛማ ነው። አርሴኒክ ያለበት የቀድሞው ዓይነት ከ2003 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ለመኖሪያ ቤት መዘጋጀቱ ቢቀርም፣ ዛሬ በመዳብ ውህድ የሚነከረውንም ማቃጠል ክልክል ነው። ያ የተላጠ ጥቁር ጎመኔ ላይ ሲረግፍ ነው የከረመው። መደቡን ከነአፈሩ አስወገድኩት።

ናሙና ሲያሳዩዋችሁ ፊቱን ትታችሁ የተቆረጠውን ጫፍ እዩ። ከሰሉ ከእንጨቱ ተለይቶ እንደ ንጣፍ መታየት አለበት። በጥፍራችሁ ፈግፍጉት፤ ከሰል ከሆነ ዱቄት ሆኖ ጣታችሁን ያጠቁራል፣ ቀለም ከሆነ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ተቦርሾ ዘይት የተቀባ እውነተኛም አለ፤ እሱ እጅ ብዙም አያጠቁርም፣ ስለዚህ በጣታችሁ ብቻ አትፍረዱ። የእንጨቱን ዓይነት ውሉ ላይ አስጽፉ። እውነተኛውም ቢሆን የግድግዳ ልብስ ነው፤ አፈር ውስጥ ለሚቀበር ምሰሶ ወይም እርጥብ አፈር ለሚያቅፍ መደብ «ሰማንያ ዓመት» የሚላችሁን አትመኑ።

በገንዘቡ በኩል ጥፋቱ የእኔም ነው። «ቅናሽ ይደረግልሻል» ሲለኝ 3,500 ዶላር ቀብድ በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ውልና ያለ ደረሰኝ ሰጠሁት። በሜሪላንድ ሕግ ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበል አይቻልም። አጥር ሠሪም ከግዛቱ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ማውጣት፣ የፈቃዱንም ቁጥር ውሉ ላይ ማስፈር አለበት፤ ቁጥሩን በኢንተርኔት ማጣራት ትችላላችሁ። ፈቃድ ያለው ሰው ቢበድላችሁ ካሳ የሚጠየቅበት ፈንድ አለ። ፈቃድ የሌለው ከሆነ ፈንዱ አይከፍልም።

የእኔው ፈቃድ አልነበረውም። ስልኩም ከመጋቢት ጀምሮ አይነሳም።