ለሞተር ድራይቭ የትኛው ኬብል ይሻላል? ተራ ሽቦ፣ አርመርድ ወይስ ሺልድ ያለው

አዳማ ላይ ለወፍጮ ወይም ለማሸጊያ ማሽን ድራይቭ (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) የሚገዛ ሰው በድራይቩ ዋጋ ሳምንት ይከራከርና ኬብሉ ጋ ሲደርስ «የተረፈ ሽቦ አለን» ብሎ ያልፋል። ከድራይቩ የሚወጣው ኃይል ግን ከመስመር እንደሚገባው ለስላሳ አይደለም። በሴኮንድ በሺዎች ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሄደው። 380 ቮልት ሲገባ ድራይቩ ውስጥ ወደ 540 ቮልት ዲሲ ይሆናል፤ ኬብሉ ረዘም ካለ ደግሞ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው ምት የዚህን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ስለዚህ ከብሬከር እስከ ድራይቭ ተራ ኬብል ይበቃል። ገንዘቡ መውጣት ያለበት ከድራይቭ እስከ ሞተር ላለው ነው።

በፕላስቲክ ኮንዲዩት የሚያልፍ ነጠላ ሽቦ ርካሽ ነው፤ ጥቅሙም እዚያው ያበቃል። የፒቪሲ ሽፋኑ እስከ 70 ዲግሪ ነው የሚችለው፣ ምቱ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ረብሻም የሚያግደው ነገር የለም። የሁለት ድራይቭ ሽቦ በአንድ ቱቦ ማሳለፍ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር።

አርመርድ ኬብል (በብረት የተጠቀለለ) ኤክስኤልፒኢ የሚባለው ሙቀት የሚችል የፕላስቲክ ሽፋን ካለው እስከ 90 ዲግሪ ይችላል፤ ብረቱም ከአይጥና ከፎርክሊፍት ያድነዋል። ብረቱ በሁለቱም ጫፍ በትክክለኛ ግላንድ (የኬብሉን ጫፍ የሚይዝ ማሰሪያ) ኧርዝ ከተደረገ ረብሻውን በከፊል ይይዛል። ለ15 ኪሎዋት የወፍጮ ሞተር፣ ርቀቱ 20 ሜትር ገደማ ከሆነና አጠገቡ ስሱ ዕቃ ከሌለ፣ እኔ ይህን ነው የምገዛው።

ሺልድ (ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚሸፍን ስስ የብረት መረብ ወይም ፎይል) ያለው ከሁሉም የተሻለ ነው፣ በተለይ ሦስቱ የኧርዝ ሽቦዎች በፌዞቹ መካከል እኩል የተደለደሉለት፤ በሞተሩ ኩሽኔታ በኩል የሚያልፈውን ጅረትም ይቀንሳል። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን፣ ኢንኮደር (የሞተር ዙር የሚለካ) ወይም ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚመራ ኮምፒውተር) ባለበት መስመር ላይ ዋጋው አያሳስባችሁ። ችግሩ አገጣጠሙ ላይ ነው። ብዙ ሠራተኛ ሺልዱን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ በአንድ ብሎን ያስረዋል፤ እንዲህ ከሆነ የከፈላችሁት ትርፍ ብር ባክኗል። የውጭ ሽፋኑ ተገፎ፣ ድራይቩ የተገጠመበት የብረት ሳህን ቀለም ብረቱ እስኪታይ ተፍቆ፣ ሺልዱ ዙሪያውን በክላምፕ ወይም በግላንድ መያዝ አለበት፤ ሞተሩ ጋም እንዲሁ። ይህን የሚሠራላችሁ ሰው ከሌለ አርመርዱን ግዙ።

የሽቦውን ውፍረት ኬብሉ ላይ በተጻፈው ብቻ አትመኑ። የ15 ኪሎዋት ሞተር ወደ 30 አምፔር ይወስዳል፤ 6 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የመዳብ ኤክስኤልፒኢ ይበቃዋል። ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) ላይ ከሌሎች ኬብሎች ጋር ተጠጋግቶ የሚሄድ ከሆነ 10 ካሬ አድርጉት። ሱቅ ስትሄዱ ካሊፐር ያዙ። የተለመደው 6 ካሬ 7 ክር ሲሆን እያንዳንዱ ወደ 1.04 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 0.9 ከወጣ በእጃችሁ ያለው 4.5 ካሬ እንኳ አይሞላም፤ ሻጩ ምንም ቢምል።

በነገራችን ላይ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። አብዛኛው ድራይቭ ሙሉ አቅሙ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ሲሆን ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጠርዝ ላይ ያለ ድራይቭ ከሆነ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ።

የሲግናል ሽቦ ከሞተር ኬብል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ መሻገር ካለበት በ90 ዲግሪ አቋርጦ ይሻገር። ካፖኮርዳውን (ሽቦው ጫፍ ላይ የሚገባውን የብረት ማያያዣ) በፒንሳ ሳይሆን በክሪምፐር (በመጭመቂያው) አስመቱ። ኬብሉን በሜገር (የሽፋኑን መከላከያ በከፍተኛ ቮልት በሚለካው) ስትፈትሹ መጀመሪያ ከድራይቩ ንቀሉት።