የቤዝቦል ማናጀርነት፦ ከታች ተነስቶ ወይስ በአቋራጭ?

(ማናጀር በቤዝቦል የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜ
ከታች፦ ብራያን ስኒትከር የአትላንታ ብሬቭስ ክለብን የማይነር ሊግ (የታችኛው ሊግ) ቡድኖች መምራት የጀመረው በ1982 ነው። ዋናውን ቡድን የተረከበው በ2016፣ በ60 ዓመቱ። ዋንጫው በ2021 መጣ።
በአቋራጭ፦ አሮን ቡን የትም ሳያሰለጥን፣ ከቴሌቪዥን ተንታኝነት ተነስቶ በ2017 መጨረሻ የኒውዮርክ ያንኪስ ማናጀር ሆነ። በመጀመሪያ ዓመቱ 100 ጨዋታ አሸነፈ።

ኑሮ
ታች ያለው ክፍያ ትንሽ ነው፤ የአውቶቡስ ጉዞው ደግሞ ረጅም።

ስጋት
ልዩነቱ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ተቀያሪ ወርዋሪ (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) ሳያሟሙቅ አይገባም፤ ስለዚህ ውሳኔው ቢያንስ አንድ ሁለት መቺ ቀድሞ መሰጠት አለበት። ከ2020 ወዲህ ደግሞ የገባ ወርዋሪ፣ ካልተጎዳ ወይም ዙሩ ካላለቀ በቀር፣ ቢያንስ 3 መቺዎችን መግጠም ግዴታው ነው። ግራኝ ወርዋሪ ግራኝ መቺን ይበልጥ ያስቸግራል፤ ግን ለአንድ ግራኝ መቺ ብላችሁ ግራኝ ወርዋሪ ብታስገቡ፣ ቀጥለው የሚመጡት ሁለት ቀኝ መቺዎች ዋጋ ያስከፍሏችኋል። ማይነር ሊግ ውስጥ እንዲህ ያለው ስህተት ብዙም ሳይወራበት ይታረማል። ኒውዮርክ ላይ ግን ማን ይምራችኋል!

ለማን ይሻላል?
ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው ሊግ) ላልተጫወተ ሰው የታችኛው መንገድ ይሻለዋል፤ ጂም ሌይላንድ በዚያው አልፎ ነው በ1997 ከፍሎሪዳ ማርሊንስ ጋር ሻምፒዮን የሆነው። ስመ ጥር ተጫዋች የነበረ፣ ከክለቡ የመረጃ ተንታኞች ጋርም የሚግባባ ከሆነ አቋራጩን ይሞክር፤ ግን ልምድ ያለው ረዳት አጠገቡ ያስቀምጥ።