ዳማችንን በአራት እግሩ ላቆመልን ሰው

ይህን የምንጽፈው ለማመስገን ነው፤ ፈረሱ ያነከሰበት ሰው ሁሉ እኛ የተንከራተትነውን እንዳይንከራተትም ነው። ደሴ ዙሪያ፣ ጉጉፍቱ አካባቢ የሚሠራ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። ስሙና ስልኩ በአደባባይ እንዳይወጣ ለምኖናል፤ ቃሉን እናከብራለን። በዚያ አካባቢ ፈረስ ያለውን ማንንም ሰው «ኮቴ የሚያየው ልጅ የት ነው?» ብትሉ ግን በሩ ድረስ ያደርሳችኋል። አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ እመቤቴ ትጠብቀው። በቤታችን በሁለቱም ተመርቋል።

ዳማን ለማታውቁት፦ ድንጉላ (ያልተኮላሸ) ፈረስ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ። ገላው ዳማ፣ ማለትም ቀላ ያለ ቡናማ፤ ግንባሩ ቦራ፣ ማለትም ነጭ ምልክት ያለበት። ጥር 11 በጉግስ ሜዳችን ሦስት ዓመት ተከታትሎ የቀደመው የለም። ጉግስ ደግሞ ሩጫ ብቻ አይደለም። አሳዳጁ ዘንግ ሲወረውር ተሳዳጁ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻ ይመክታል። ያን ጊዜ የተቀማጩ ክብደት ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ፈረሱ በሙሉ ደንገላሳ ላይ ሆኖ ይህን ተሸክሞ መስመሩን ሳይለቅ መቀጠል አለበት። ሜዳው ጫፍ ሲደርስ በጠባቡ ተጠምዝዞ አሁን ራሱ አሳዳጅ ይሆናል። ዳማ ለዚህ ልጓም መጎተት አያስፈልገውም፤ የጉልበት ንክኪ ይበቃዋል። ያው ፈረስ በማግስቱ 50 ኪሎ ገብስ ጭኖ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በሠርግ ግላስ ለብሶ፣ ቃጭል አንጠልጥሎ፣ በእልልታና በጭብጨባ መሃል ሙሽራ ተሸክሞ ንቅንቅ አይልም። ልጆች በሆዱ ሥር ሲሽሎከለኩ እግሩን አያነሳም። ከእነዚህ አንዱን የሚችል ፈረስ ሞልቷል፤ ሁሉንም የሚችል ግን ስንት አለ? የወሎውን ንጉሥ ሚካኤልን በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» ብሎ በሚያወሳ አገር እንዲህ ያለ ፈረስ ማለት የቤት ስም ማለት ነው።

ጥቅምት ላይ የፊት ቀኝ እግሩን አነከሰ። መጀመሪያ በወሰድንበት ቦታ እግሩን አንስቶ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ከሩቅ «ትከሻው ነው» ተባለ፣ መርፌ ተወጋ፣ ገንዘብ ተከፈለ፣ ዘጠኝ ቀን ባከነ። ሁለተኛው ቦታ በገመድ ጠልፈው ጥለው ትከሻውን በጋለ ብረት ተኮሱት። ምንም ያልሆነውን ትከሻ! ጠባሳው ዛሬም ይታያል፤ ጸጉርም አልበቀለበትም። ሦስተኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ኮቴው ላይ ቀብቶ «ይህ አይድንም፣ ለጋሪ ሽጡት» አለን። በሦስት እግሩ የቆመ ፈረስ ለጋሪ! ማንንም በስም አናነሳም። ግን እግር ሳያነሳ መርፌ ለሚያነሳ ሰው ፈረሳችሁን አትስጡ።

ይህ ልጅ ሲመጣ ቦርሳውን እንኳ አልከፈተም። «መጀመሪያ ይሂድልኝ» አለ። በጠጠር መሬት፣ ቀጥሎ በለስላሳ ሣር፣ ከዚያ በክብ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አስኬደው። እሱ የሚያየው የፈረሱን እግር ሳይሆን ጭንቅላቱን ነበር። የፊት እግር የታመመ ፈረስ ሕመምተኛው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። በጠጠር ላይ ብሶ በሣር ላይ ከቀለለ ችግሩን ከታች ፈልጉ፤ አብዛኛው የፊት እግር ማነከስ መነሻው ኮቴ ነው።

ከዚያ ያደረገውን መቼም አንረሳውም። እንደ ሌሎቹ ገመድ አላወጣም፣ ፈረሱን አልጣለም። አንገቱን እየዳበሰ «አብሽር ዳማ፣ አብሽር» እያለ ቆየ፤ እግሩን አንስቶ በራሱ ጭን ላይ አሳረፈው። የተተኮሰ፣ የተደበደበ፣ ሰው ሲጠጋው ይንቀጠቀጥ የነበረ ፈረስ እግሩን ሰጠው። ቀጥሎ «እጅህን አምጣ» ብሎ ፈረሱን የያዘውን ሰው ጣት ከፈረሱ ቁርጭምጭሚት በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ ጎን ላይ አስቀመጠ። ደም ሥር አለ እዚያ። በጤነኛው እግር ላይ ምቱ በጭንቅ ነው የሚገኘው፤ በታመመው ላይ ጣት እስኪገፋ ይመታል። የኮቴውን ሙቀትም በእጅ ጀርባ እያነጻጸረ አሳየን። ሦስት ቦታ ገንዘብ ስንከፍል ይህችን የአንድ ደቂቃ ነገር ያሳየን ሰው አልነበረም። እሱ ግን ያስተማረው ገና ሥራውን ሳይጀምር ነው።

ኮቴውን በጉጠት ዙሪያውን በትንሽ በትንሹ እየቆነጠጠ መጣ። በጫፉ፣ የኮቴው ግድግዳና መርገጫው ከሚገናኙበት ከነጩ መስመር ላይ ሲደርስ ዳማ እግሩን ነጠቀ። እዚያች ቦታ ላይ በቆልማማ ቢላ ጥቁሯን ነጥብ እየተከተለ በስሱ ፋቀ፤ የሚሸት ግራጫ መግል ፈሰሰ። ቀዳዳው ከጣት ጫፍ አይበልጥም። አስፍቶ መቁረጥ ለስላሳውን ሥጋ ገልጦ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ የሚፈለገው መግሉ የሚወጣበት በር ብቻ ነው። ፈረሱ ወዲያው ከንፈሩን ላሰ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በእግሩ መሬት መርገጥ ደፈረ።

የወጋውን መድኃኒት ስም አንጽፍም፤ መጠኑንም የሚያውቀው እሱ ነው። የቤቱን ሥራ ግን ልቅም አድርጎ ነገረን። አምስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት እፍኝ ጨው፤ ክርን ሲነከርበት ማቃጠል የለበትም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ለአራት ቀን። ከዚያ በላይ ኮቴውን ያለሰልሰዋል። አድርቆ በንጹሕ ጥጥና ጨርቅ መጠቅለል፣ ከላይ የተቆረጠ ካላማዳሪ እንደ ካልሲ ማልበስ፤ ጭቃና ሽንት እንዳይገባ። ጸጉሩና ኮቴው በሚገናኙበት መስመር ላይ አጥብቆ ማሰር ደም ይከለክላል። የቴታነስ መከላከያ ወስዶ እንደሆነም ጠይቆ ነበር። ፈረስ ለቴታነስ ከሌላው የቤት እንስሳ ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ኮቴ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ትበቃዋለች። በሦስተኛው ቀን ሳንጠራው በእግሩ መጥቶ ጥቅሉን ራሱ ቀየረው። ለዚያ ገንዘብ አልተቀበለም።

ሕመሙ ለምን መጣ? ዳማ ክረምቱን ሙሉ በረት ውስጥ እበትና ጭቃ ላይ ቆሞ ኮቴው ራሰ። ሳይከረከም ስለቆየ ጫፉ ረዘመ። የረዘመ ጫፍ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ጉጠት ክንድ ግድግዳውን ከታቹ ይገነጥለዋል፤ ነጩ መስመር ይከፈታል፣ ጠጠርና ቆሻሻ በዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ለጉግስ ፈረስ ይህ ሁለት ጊዜ ጉዳት ነው፤ ረጅም ጫፍ እግሩ ከመሬት የሚነሳበትን ያዘገያል፣ በደንገላሳ ላይ ያደናቅፋል፣ ጅማትንም ይወጥራል። ኮቴ በወር አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ባለው ሳምንት አንዴ በጉጠት ተቆርጦ በሞረድ መስተካከል አለበት። በየቀኑ ማታ ደግሞ በእንጨት ከተረከዝ ወደ ጫፍ እየጠረጉ ማጽዳት። በኮቴው ሥር መሃል ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ጥቁርና የሚሸት ከሆነ እየበሰበሰ ነው፤ ያኔ መፍትሔው ደረቅ በረት ነው።

እኛ የጠራነው ለእግር ነው፤ እሱ ግን ጀርባውንም ዳበሰ። ከጋማው ማብቂያ በኩል ገጣባ ሊወጣ ሲል አገኘው። ኮርቻውን አስመጥቶ ያለ ምንጣፍ ጫነና ጣቱን ከፊተኛው እንጨት ሥር ለማስገባት ሞከረ፤ አልገባም። እንጨቱ አከርካሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰው ከተቀመጠበትም በኋላ ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። መሃሉን ባዶ ትቶ ግራና ቀኙን እንዲሞላ ለኮርቻ ሠሪ ነገረልን። ብዙ ሰው ገጣባ ሲያይ ምንጣፍ ይደራርባል፤ ምንጣፉ መሃሉን ስለሚሞላ ጫናው ይብሳል። ቁስል ላይ ኮርቻ አይጫን፣ አለቀ።

ዳማ አንድ ወር ያህል አረፈ። በእረፍቱ ገብሱ ቀርቶ ድርቆሽና ጭድ ብቻ በላ፤ ሳይሠራ ገብስ የሚጎርስ ፈረስ የሆድ ቁርጠትና የኮቴ ቃጠሎ ያገኘዋል። ሲመለስ ገብሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ በጭብጥ በጭብጥ ተጨመረ። መጀመሪያ እርምጃ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ በመጨረሻ ደንገላሳ። ጥር 11 ሜዳው ላይ ነበር፤ አራቱም እግሩ መሬት እየደበደበ፣ ጋማው ተጎንጉኖ፣ እንደ ልማዱ ማንንም ሳያስቀድም። ያን ቀን ሜዳው ዳር ቆሞ ያየውን ሰው ጠይቁ።

ወገኖቻችን፣ ወረኢሉም ሁኑ ለጋምቦ፣ ኩታበርም ሁኑ ተንታ፣ ይህን ልጅ ፈልጉት። ለጥምቀት የምታዘጋጁት ፈረስ ካላችሁ ኅዳር ሳያልቅ አሳዩት፤ በዋዜማው የተከረከመ ኮቴ በጠጠር ላይ ያማል። ሠርግ ያላችሁም ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሙ። ፈረሱ የለመደው ሰው ልጓሙን ይያዝ፣ እግሩን አጥባችሁ አድርቁ፣ ዘይትም ቀለምም አትቀቡበት፤ ቀለሙ ስንጥቁን ይደብቅበታል። ኮርቻውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እሱ ከሄዳችሁ ልኮ ያስመጣዋል።