የጠፈር መንኮራኩር ሲያርፍ የሚያሳዩ የቆዩ ፊልሞችን በምን እናስቀምጥ? ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ኤልቲኦ ቴፕ ወይስ ኤም-ዲስክ

አፖሎ 11 እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ ካረፈ በኋላ የላከውን ምስል በአውስትራሊያና በካሊፎርኒያ የነበሩት ጣቢያዎች በትልልቅ ማግኔቲክ ቴፖች ቀድተውት ነበር። ሕዝቡ በቴሌቪዥን ያየው ጥራቱ የወረደውን ቅጂ ነው። ናሳ ዋናዎቹን ቴፖች ለዓመታት ፈልጎ በ2009 የደረሰበት መደምደሚያ ያንገበግባል፦ ተጠርገው ሌላ መረጃ ተቀድቶባቸዋል። ያን ጥራት የያዘ ሌላ ቅጂ አልተረፈም። ስለዚህ ዕቃ ስትገዙ ከሁሉ በፊት በያዛችሁት ገንዘብ ስንት ቅጂ ማስቀመጥ እንደምትችሉ አስሉ።

በዚህ ስሌት ለግል ሰብሳቢ ሃርድ ዲስክን የሚያህል የለም። ብዙ ይይዛል፣ ዋጋው ይቀመሳል፣ ሰክቶ ወዲያው ማየት ይቻላል። ችግሩ ውስጡ የሚሽከረከር አካል መኖሩ ነው። አንዴ ከመደርደሪያ አውርጄ የሰካሁት ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ሶዩዝ የተባለው የሩሲያ የጠፈር ካፕሱል በካዛክስታን ሜዳ ሲያርፍ የሚያሳዩ ቅጂዎቼ በሙሉ እዚያ ላይ ነበሩ፤ የተረፉልኝ ሌላ ዲስክ ላይም ስለገለበጥኳቸው ብቻ ነው። ሁለት ግዙ፣ አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ሰክታችሁ የፋይሎቹን ቼክሰም (ፋይሉ መበላሸት አለመበላሸቱን የሚያሳይ ቁጥር) አመሳክሩ።

ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል የሌለውና መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘው ዲስክ፣ ለኤዲቲንግ ግሩም ነው። ኃይል ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ግን መረጃው ሊጠፋ ስለሚችል መሳቢያ ውስጥ ለሚከርም ነገር አልመክረውም።

ኤልቲኦ ለኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ የሚሠራ ማግኔቲክ ቴፕ ነው። ዘጠነኛው ትውልድ፣ ኤልቲኦ-9፣ አንዱ ቴፕ ብቻ 18 ቴራባይት ይይዛል፤ አምራቾቹም 30 ዓመት ድረስ ይቆያል ይላሉ። ቴፑን የሚቀዳውና የሚያነበው ማሽን ግን በሺዎች ዶላር ይሸጣል፣ የሚያነበውም የራሱንና የኤልቲኦ-8ን ቴፕ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲያረጅ ሁሉን ወደ አዲስ ትውልድ ቴፕ መገልበጥ ግድ ይሆናል። ለቴሌቪዥን ጣቢያና ለዩኒቨርሲቲ ነው የሚሆነው።

ኤም-ዲስክን፣ ማለትም ለረጅም ዕድሜ የተሠራውን እንደ ዲቪዲ ያለ ዲስክ፣ የምወደው አንዴ ከተጻፈበት በኋላ ማንም ጠርጎ ሌላ ነገር ሊቀዳበት ስለማይችል ነው። የአፖሎ ቴፖች ያጡት ይህንን ነው። ባለ 25 ጊጋባይቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ለማረፍ የወረደበት የመጨረሻው ጉዞ የፈጀው 12 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። በሰዓት 100 ጊጋባይት በሚወስድ ከፍተኛ ጥራት ብታስቀምጡት እንኳ አንድ ዲስክ ይበቃዋል። በመስኮቱ በኩል የጨረቃ አቧራ ከሞተሩ በሚወጣው ጋዝ ተገፍቶ ሲሸሽ፣ የመንኮራኩሯ ጥላ እየቀረበ ሲመጣ ያያችሁ ሰዎች ይህ ዋጋ እንዳለው ታውቃላችሁ። ለመረጣችኋቸው ጥቂቶች ኤም-ዲስክ፣ ለጠቅላላው ክምችት ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዙ።

የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ጥቅልል እጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ ዲጂታል ካደረጋችሁት በኋላ እንዳትጥሉት፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት። ነገ የተሻለ ስካነር ሲመጣ እንደገና የሚነሳው ከእሱ ነው።