በነፃ ያገኘሁት ዴስክቶፕ፣ ከ14 ወር በኋላ

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ስትገዛ "ይሄን ዴስክቶፕ ካልወሰድከው ለቆራሌው ነው የምሰጠው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ነፃ የሚል ነገር ስሰማ እግሬ አይቆምም፣ በባጃጅ ሞኒተሩን አቅፌ ሲፒዩውን እግሬ ስር አድርጌ ይዤው ገባሁ። ይኸው 14 ወር ሆነኝ፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ሊሰጣችሁ የሚፈልግ ዘመድ ካለ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ። ብራንዱን አልጠራም፣ ጥፋቱ የእድሜው ነው።

እቃው ኮር ቱ ዱዎ የሚባል አሮጌ ፕሮሰሰር፣ 2 ጊጋ ራም፣ 160 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት። ሲበራ ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው።

በጣም ያቃጠለኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም፣ ሰአቱ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ይሏታል፣ ከሶኬት ሲነቀል ወይ መብራት ሲሄድ ሰአቱንና ሴቲንጉን የምትይዘው እሷ ናት። የኔዋ ሞታለች፣ እኔ ግን አላወቅኩም። መብራት በሄደ ቁጥር (እኛ ሰፈር ደግሞ መቼ ነው የማይሄደው) ቀኑ ተመልሶ ጃንዋሪ 2009 ይላል። እማዬ አይታ "2009 እኮ ትናንት ነው፣ ምን አለበት" አለች፣ በኛ አቆጣጠር መስሏት። ችግሩ ቀኑ ሲዛባ ብሮውዘሩ ዌብሳይት አልከፍትም ይላል፣ ምክንያቱም የዌብሳይት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፣ 2009 ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ኮምፒውተር ደግሞ ሰርተፍኬቱ ገና አልተሰጠም ማለት ነው። ይሄን እስካውቅ ድረስ ዋይፋዩ ነው ብዬ ራውተር ስነቅል ስሰካ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ።

በዛ ላይ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ያመጣና ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን ይላል። አብሮት የመጣው ኪቦርድ ላይ ኤፍ 1 ቁልፏ ወልቃ ጠፍታለች፣ ስሯ ያለችው ነጭ ላስቲክ ብቻ ናት የቀረችው፣ እሷን በእስክሪብቶ ጫፍ እየወጋሁ ነበር የምከፍተው። እህቴ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትለማመድበት እስክሪብቶዬን ወስዳ ስትጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው 😅

ክረምት ላይ ደግሞ ቢፕ ቢፕ እያለ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሲፒዩውን ተሸክሜ ጥገና ቤት ሄድኩ፣ ልጁ ራሙን ነቅሎ ወርቃማውን ጥርሱን በላጲስ ፈግፈግ አድርጎ መልሶ ሰካው፣ በራ። "ይሄው ነው?" ስለው "ይሄው ነው" ብሎ 200 ብር ተቀበለኝ። ከዛ በኋላ ራሴ ሶስቴ ሰርቼዋለሁ፣ ላጲሷም ሲፒዩው ላይ ነው የምታድረው።

ራሙን 4 ጊጋ ላድርገው ብዬ መርካቶ ወረድኩ፣ የኔ ማሽን የሚቀበለው የራም አይነት ዲዲአር 2 ነው ሲሉኝ ዲዲአር 3 ምን ልዩነት አለው ብዬ ገዝቼ መጣሁ፣ ራሙ ጥርስ ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ ጭራሽ አይገባም፣ ተመልሼ ስዞር ውዬ ያገለገለ አገኘሁ። ሃርድ ዲስኩንም ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ቀየርኩለት፣ ካወጣሁት ብር ሁሉ ያልቆጨኝ እሱ ብቻ ነው፣ በፊት አብርቼው ቡና አፍልቼ እመለስ ነበር፣ አሁን ጀበናውን ሳልጥድ ይከፈታል።

ዊንዶውስ 7 ሰፖርቱ ጃንዋሪ 2020 ላይ ቆሟል፣ ክሮምም 109ኛው ቨርዥን ላይ ትቶታል። ዊንዶውስ 10 ሞከርኩ፣ ስታክ ማድረግ ሆነ ስራው፣ እሱም ቢሆን ኦክቶበር 2025 ላይ ተራው ደርሷል። አሁን በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባል ነፃ ሲስተም ነው የጫንኩበት፣ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን። ሲቪ መፃፍ፣ ፒዲኤፍ፣ ቴሌግራም ምናምን ችግር የለበትም። ዩቲዩብ 480 ላይ ሸጋ ነው፣ ከዛ ከፍ ስታደርጉት ወፍጮ ቤቱ ይከፈታል።

የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ከመውሰዳችሁ በፊት ከሶኬት ነቅላችሁ መልሳችሁ አብሩትና ቀኑን እዩ። ባትሪዋን መቀየር ከዚህ ሁሉ ወጪ በጣም ርካሹ ነበር፣ እኔ ግን ያደረግኩት መጨረሻ ላይ።

ሰሞኑን ፓወር ሰፕላዩ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ጀምሯል። እማዬ ቆራሌው በደጃችን እየጮኸ ባለፈ ቁጥር በአይኗ ትጠይቀኛለች። እኔ ማታ ማታ ከሶኬት ነቅዬው እተኛለሁ፣ ባትሪዋ አዲስ ናት፣ ሰአቱ አይጠፋም።