ምንም ያልነካው ወይስ ቁንጣሪ የገባበት? ሞርጎን ልትገዙ ለምትጠይቁኝ

ፋሲካ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ከፓሪስም ከዋሽንግተንም ጥያቄው አንድ ነው፦ «አንቺ እዚያው ሊዮን ስላለሽ ታውቂዋለሽ፤ ያ ኬሚካል የሌለበት ቀይ ወይን የቱ ነው?» እስካሁን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስመልስ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን ለእህቴ ልጅ ክርስትና የገዛሁት ወይን እንግዳ ፊት ካሳፈረኝ በኋላ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጽፈው ወሰንኩ።

የማወራው ሞርጎን ስለሚባለው የፈረንሳይ ቀይ ወይን ነው። የሚመረትበት ቦታ ከሊዮን ወደ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ቦጆሌ በሚባለው የወይን አገር ካሉት አሥር ስመ ጥር ቦታዎች አንዱ ሲሆን ፍሬው ጋሜ ይባላል። በየኖቬምበሩ ሦስተኛ ሐሙስ የሚወጣው ቦጆሌ ኑቮ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለዛሬ እርሱት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወይን አምራቹ ማርሴል ላፒየርና ዣን ፎያርን የመሳሰሉ ጎረቤቶቹ፣ የወይን ነጋዴም ኬሚስትም የነበረው ዡል ሾቬ የሰጠውን ምክር ሰምተው ወደ ድሮው አጠማመቅ የተመለሱት እዚህ ነው። መርዝ ያልተረጨበት ፍሬ በእጅ ይለቀማል፤ ዘለላው ሳይጨፈለቅ እንዳለ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ የፋብሪካ እርሾ ሳይጨመርበት በራሱ ጊዜ ይፈላል። እናቶቻችን ጠጅ ጥለው በራሱ እስኪነሣ እንደሚጠብቁት ማለት ነው።

እንግዲህ ምርጫው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። አንዱ አምራች ምንም ሳይነካው ወደ ጠርሙስ ይገለብጠዋል። ሌላው ሲያሽግ ቁንጣሪ ሰልፋይት፣ ማለትም ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ የድኝ ውሁድ፣ ጣል ያደርግበታል። የአውሮፓ ሕግ ለተራ ደረቅ ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊግራም ይፈቅዳል፤ ለኦርጋኒኩ 100። እኔ ቁንጣሪ የምለው ከ30 በታች የሆነውን ነው። የላፒየር ቤት ራሱ ሞርጎኑን በሁለት መልክ ሲያወጣ ኖሯል፤ ኤን (N) የተጻፈበት ያልተጨመረበት፣ ኤስ (S) የተጻፈበት ጥቂት የተጨመረበት። እነሱ ያላፈሩበትን ቁንጣሪ እኛ የምንፈራበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኔ ምርጫ ቁንጣሪ የገባበት ነው። ለምን እንደሆነ በገንዘብ ላስረዳችሁ።

ለክርስትናው ምንም ያልገባበትን ሞርጎን አንዱን በ29 ዩሮ፣ ስድስት ጠርሙስ በ174 ገዛሁ (ከላይ ስማቸውን ካነሣኋቸው ቤቶች የመጣ አልነበረም)። ሻጩ ስለ ሙቀት አንዲት ቃል አልነገረኝም። ሦስት ሳምንት ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ የእኛ ወጥ ቤት ደግሞ ክረምትም ቢሆን ከ22 ዲግሪ አይወርድም። በዕለቱ አንዱ ጠርሙስ ቡሹን ገፍቶ ወደ ላይ አንሥቶታል፤ እንደገና ፈልቶ ሆምጥጧል። ሁለቱ ደግሞ አይጥ አይጥ ይላሉ። ሦስቱን ደፋሁ። የተረፉት ሦስቱ እያንዳንዳቸው 58 ዩሮ ወጡ ማለት ነው። በ58 ዩሮ እዚህ አገር ምን ዓይነት ወይን እንደሚገዛ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ይዤ ስመለስ የተሰጠኝ መልስ «ተፈጥሮአዊ ወይን እንዲህ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ይህን የአይጥ ጣዕም እወቁት፤ ገንዘባችሁን የሚበላው እሱ ነው። ብርጭቆው ላይ አፍንጫችሁን ብትደፉ ምንም አይሸታችሁም። ስትጎነጩትም መጀመሪያ ቼሪ ቼሪ ይላል። ከውጣችሁት በኋላ፣ አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ ቆይቶ፣ የአይጥ ጎጆ የመሰለ ነገር ከጉሮሮ ይመለሳል። የወይኑ አሲድ ሽታውን አፍኖ ይይዘዋል፤ ምራቅ አሲዱን ሲያለዝበው ይወጣል። ለዚህ ነው ሱቅ ውስጥ አሽትቶ መለየት የማይቻለው። ጠብታ እጃችሁ ጀርባ ላይ አሽታችሁ ቆይታችሁ አሽትቱት፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ይጋለጣል። ጨርሶ የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ፤ አጎቴ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው «ምን ሆነ ትያለሽ ልጄ?» ብለውኛል። የሚሠሩት ባክቴሪያዎችና አንዳንድ እርሾዎች ናቸው፤ ሰልፋይት በሌለበት ይመቻቸዋል።

የገዛሁትን በደብተር እይዛለሁ። በሁለት ዓመት፣ የክርስትናውን ጨምሮ፣ ምንም ያልገባበት 19 ጠርሙስ በአማካይ በ28 ዩሮ ገዝቻለሁ፤ 532 ዩሮ። አምስቱ ተበላሽተዋል። የተጠጣው አንዱ በ38 መጣ። ቁንጣሪ የገባበት 31 ጠርሙስ በ24 ገዝቻለሁ፤ 744 ዩሮ። የተበላሸው አንድ ነው፤ እሱም የቡሽ ሻጋታ ነበር። አንዱ በ24.80 መጣ። ልዩነቱ በጠርሙስ 13.20 ነው። ጣዕሙስ? ምንም ያልገባበት ጥሩ ሲሆን በእርግጥ ይበልጣል፤ ያንን አልክድም፤ ፍሬው አፍ ውስጥ ሕያው ነው። ምድር ቤት ያለው ሰው፣ ከ14 ዲግሪ በታች የሚያስቀምጥና በገዛው ሳምንት የሚጠጣ ይግዛው። አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖር፣ ለበዓል ቀድመን የምንገዛ ሰዎች ግን ልንዳፈር አይገባም።

ሌላም ሂሳብ አለ። ሊዮን ሱቅ ውስጥ 24 የሚለውን ከአምራቹ ደጅ በ18 አግኝቼዋለሁ። ነዳጅና የመንገድ ክፍያ ደርሶ መልስ ወደ 20 ዩሮ ይጠጋል። ለስድስት ጠርሙስ ብትሄዱ የምታተርፉት 16 ነው፤ ቀናችሁ አይገባውም። ለአሥራ ሁለት ግን 52 ይተርፋችኋል። ከሁለት ቤተሰብ ጋር ተዳብላችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ አስመሳዩ ልምጣ። ሱፐርማርኬት ውስጥ 6.90 ዩሮ የሚል፣ «ሰልፋይት አልተጨመረበትም» ብሎ በትልቁ የጻፈ ጠርሙስ አለ። ብዙዎቻችሁ ፎቶውን አንሥታችሁ «ይኸውልሽ ርካሽ አገኘሁ» ብላችሁ ልካችሁልኛል። እንዲህ ዓይነቱ የጅምላ ወይን ብዙ ጊዜ የሚጠመቀው በተገዛ እርሾ ነው፤ ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 70 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና በጠባብ ማጣሪያ ያልፋል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ስለሞተ ሰልፋይት አያስፈልገውም። አይጎዳችሁም፤ ግን የፈለጋችሁት እሱ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 8 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚመረት ወይን ላይ የይዘት ዝርዝር ግዴታ ስለሆነ «ዝርዝሩን አንብቤ ነው የገዛሁት» የሚሉኝም አሉ። ዝርዝሩ እዚህ ላይ አያድናችሁም፤ እርሾና ማሞቅ አይጻፉበትም። የገበሬውም የፋብሪካውም «ወይን ፍሬ» ብቻ ሊል ይችላል። ይልቅ «ቫን ሜቶድ ናቱር» (Vin Méthode Nature) የሚለውን ማኅተም ፈልጉ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ ነው፤ በእጅ የተለቀመ ኦርጋኒክ ፍሬና የራሱ እርሾ ይጠይቃል፤ ማሞቂያውንም ይከለክላል። ሁለት ዓይነት ነው፦ ምንም ያልተጨመረበት እና ከ30 ሚሊግራም በታች የሆነው። የእኔው ሁለተኛው ነው። አምራቹ በፈቃደኝነት የሚገባበት ስለሆነ ማኅተም የሌለው ሁሉ አስመሳይ ነው ማለት አይደለም፤ ያኔ ሻጩን «ሲታሸግ ስንት ገባበት? የማን እርሾ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር የማይነግራችሁን ትታችሁ ውጡ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ኦርጋኒክ ወይን» የሚለው እዚያ ሰልፋይት ያልተጨመረበት ማለት ነው፤ «ከኦርጋኒክ ፍሬ የተሠራ» የሚለው እስከ 100 ሊደርስ ይችላል። ሁለቱም ስለ እርሾው ምንም አይነግሯችሁም። ራስ ምታትን በሰልፋይት ለምታሳብቡት ደግሞ፣ የደረቀ አፕሪኮት ከማንኛውም ቀይ ወይን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እሱን በልታችሁ ካላመማችሁ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። አስም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ይስማ።

ከፍታችሁት ችግር ካያችሁ፣ ምላስ የሚነዝር ጋዝ ካለው ማሰሮ ውስጥ ገልብጣችሁ ናጡት፤ ይሄዳል። የተጫረ ክብሪት ወይም እንቁላል ከሸተተ ግማሽ ሰዓት አየር ይለቀዋል። ከታች የተኛው አተላ ጉዳት የለውም፤ ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት። ኮምጣጤና አይጥ ግን መድኃኒት የላቸውም፤ አየር ሲያገኝ አይጡ ጭራሽ ይብሳል። የተረፈውን በተመለከተ ቁንጣሪ የገባበት ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ቆይቶልኛል፤ ሌላው በማግስቱ አይቀመስም።

ከዶሮ ወጥ ጋር ለምን ሞርጎን ትያለሽ ለምትሉኝ፣ አፍ የሚያደርቅና አልኮሉ የበዛ ቀይ ወይን በርበሬውን ያቀጣጥለዋል። ጋሜ አፍ አያደርቅም፤ ቀዝቀዝ ሲልም ይጣፍጣል። ቤት የምታስገቡት ቁንጣሪ የገባበት ከሆነ እስከ በዓሉ ከምድጃና ከማሞቂያ አርቃችሁ አስተኙት፤ በዋዜማው አቁሙት፤ ዶሮው ሊወጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ፍሪጅ ይግባ፤ እንጀራው ሲቀርብ ይውጣ።